ፕላስቲኩ ከመበሳቱ በፊት ያበራል

መዳፍ ላይ የሚያርፍ ጥርት ያለ የፕላስቲክ ቁራጭ አስቡ። ውስጡ አንድ መርፌ ተቀብሯል፤ ከመርፌው ጫፍ 2 ሚሊሜትር ራቅ ብሎ ጠፍጣፋ ብረት አለ። መርፌው ላይ 10 ሺህ ቮልት ኤሲ፣ ማለትም አቅጣጫው የሚመላለስ ኤሌክትሪክ፣ ይለቀቃል። ምንም አይሰማም። ብልጭታ የለም፣ ጭስ የለም፣ ሽታ የለም። ክፍሉን ድርግም አድርጋችሁ ብታጨልሙና ዓይናችሁን ግማሽ ሰዓት ጨለማ ብታስለምዱት እንኳ አብዛኛውን ጊዜ የምታዩት ነገር አይኖርም። ብርሃንን አንድ በአንድ፣ በፎቶን (በብርሃን ትንሿ እሽግ) የሚቆጥር መሣሪያ ስታስጠጉ ግን ቁጥሩ መሮጥ ይጀምራል። ፕላስቲኩ እያበራ ነው።

መጀመሪያ ሲሰሙት ግራ ያጋባል። ኢንሱሌተር ማለት ኤሌክትሪክ የማያሳልፍ ነገር ነው ተብለን ነው የተማርነው። ካላሳለፈ ታዲያ ብርሃኑ ከየት መጣ?

መልሱ አጭር ነው፤ አሳልፏል። በጣም ጥቂት ኤሌክትሮን ከብረቱ ወጥቶ ወደ ፕላስቲኩ ገብቷል። ገብቶም እዚያው ቀርቷል። ብርሃኑ የሚመጣው እነዚህ ገብተው የቀሩት ኤሌክትሮኖች በኋላ ከሚገጥማቸው ነገር ነው። ነገሩ የላብራቶሪ ጨዋታ ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ ከመሬት በታችና ከባሕር በታች የተዘረጉ የከፍተኛ ቮልቴጅ ኬብሎች ለምን እንደሚያረጁ ለመረዳት ከሚያስፈልጉት ቁልፎች አንዱ ይሄ ነው።

ከፕላስቲኩ እንጀምር። የኬብል ሽፋን ሆኖ የሚሠራው በብዛት ፖሊኤትሊን ነው። እ.ኤ.አ. በ1933 እንግሊዝ ውስጥ አይ.ሲ.አይ በሚባለው ኩባንያ ሬጂናልድ ጊብሰንና ኤሪክ ፎሴት የኤትሊን ጋዝን በከፍተኛ ግፊት ሲሞክሩ ሳያስቡት ያገኙት ነጭ፣ ሰም የመሰለ ነገር ነው። አሠራሩ ከዚህ በላይ ቀላል ሊሆን አይችልም። አንድ ካርቦንና ሁለት ሃይድሮጅን፣ ደግሞ አንድ ካርቦንና ሁለት ሃይድሮጅን፣ እንዲህ እየተባለ በሺህዎች የሚቆጠር ረጅም ሰንሰለት። ዛሬ ለከፍተኛ ቮልቴጅ የሚሠራበት ዓይነት ሰንሰለቶቹ እርስ በርስ በኬሚካል የተሳሰሩበት ነው፤ ሲሞቅ እንዳይቀልጥ።

የዚህ ሰንሰለት ኤሌክትሮኖች ሁሉም ሥራ ላይ ናቸው። አተሞቹን አንድ ላይ ይዘዋል። አንዱን ከቦታው አንስቶ እንደልቡ እንዲንቀሳቀስ ለማድረግ ከ8 ኤሌክትሮን ቮልት በላይ ጉልበት ይጠይቃል። አንድ ኤሌክትሮን ቮልት ማለት አንድ ኤሌክትሮን በ1 ቮልት ልዩነት ውስጥ ሲያልፍ የሚያገኘው ጉልበት ነው። ተራ የክፍል ሙቀት በአማካይ የሚሰጠው 0.025 ያህሉን ብቻ ነው። ከሚፈለገው ከ300 ጊዜ በላይ ያንሳል። ስለዚህ ንጹሕ ፖሊኤትሊን የራሱ ነፃ ኤሌክትሮን የለውም ብንል አልተሳሳትንም።

ግን ሽፋኑ ብቻውን አይኖርም። ከጎኑ ብረት አለ፣ ብረት ደግሞ በነፃ ኤሌክትሮን የተጥለቀለቀ ነው። ጥያቄው እንግዲህ «ፕላስቲኩ ኤሌክትሮን አለው ወይ?» መሆኑ ይቀርና «ከብረቱ እንዳይገባ የሚከለክለው ማነው?» ይሆናል።

የሚከለክለው ድንበሩ ላይ ያለ የጉልበት ግድግዳ ነው። ኤሌክትሮኑ ከብረት ወጥቶ ፕላስቲክ ውስጥ ለመግባት ያንን መዝለል አለበት። በንጹሕ ቲዎሪ ካሰላችሁት ግድግዳው ወደ 4 ኤሌክትሮን ቮልት ወይም ከዚያ በላይ ይሆናል፤ ይሄ ከሆነ ደግሞ በተለመደው ሙቀት ማንም አይገባም። በላብራቶሪ የሚለካውን ጅረት ይዛችሁ ወደ ኋላ ስታሰሉት ግን የምታገኙት ከ1 ኤሌክትሮን ቮልት ብዙም ያልራቀ ግድግዳ ነው። ልዩነቱ የትየለሌ ነው። ምክንያቱ ድንበሩ መጽሐፍ ላይ እንደሚሳለው ቀጥ ያለ መስመር አለመሆኑ ነው። የብረቱ ገጽ ጎርበጥባጣ ነው፣ ኦክሳይድ ለብሷል። የፕላስቲኩ ገጽ ደግሞ የተሰባበረ ሰንሰለት፣ በኦክስጅን የተነካ ቦታና ባዕድ ሞለኪውል ሞልቶታል። ኤሌክትሮኑ ግድግዳውን በአንድ ዝላይ አያልፍም፤ እነዚህን እንደ ደረጃ እየረገጠ ይወጣል። ስለዚህ የዚህ ብረትና የዚህ ፕላስቲክ ግድግዳ ይሄን ያህል ነው ብሎ እስከ ሁለት አኃዝ ድረስ እርግጠኛ የሚሆን ሰው ሲያጋጥማችሁ፣ ገጹ እንዴት ነበር የተሠራው ብላችሁ ጠይቁት።

ፊልዱ፣ ማለትም የኤሌክትሪክ መስኩ፣ ሲጠነክር ግድግዳው ራሱ ዝቅ ይላል። ይሄንን የሾትኪ ክስተት ይሉታል። ፖሊኤትሊን ውስጥ በአንድ ሚሊሜትር 100 ኪሎ ቮልት ሲደርስ የግድግዳው ቁመት 0.25 ኤሌክትሮን ቮልት ያህል ይቀንሳል። ትንሽ ይመስላል አይደል? ግን ጅረቱ የሚወሰነው በኤክስፖኔንሻል፣ ማለትም እየተባዛ በሚሄድ ሒሳብ፣ ስለሆነ ያቺ ሩብ ብቻዋን የሚገባውን ኤሌክትሮን ከ10 ሺህ ጊዜ በላይ ታበዛዋለች። ፊልዱ ከዚህም በጣም ሲከር ደግሞ ግድግዳው ከመቅጠኑ የተነሳ ኤሌክትሮኑ መዝለል ትቶ በመሃሉ ሾልኮ ያልፋል። እ.ኤ.አ. በ1928 ፋውለርና ኖርድሃይም ያሰሉት ይሄንን መሹለክ ነው።

እዚህ ላይ አንድ በጣም የተለመደ ስህተት አለ። ሰው ሁሉ የሚጠይቀው «ስንት ቮልት ነው?» ብሎ ነው። ፕላስቲኩ ቮልት አያውቅም። የሚያውቀው ፊልድ ነው፣ ቮልቱ በስንት ርቀት ላይ እንደተዘረጋ። ወደ መርፌያችን እንመለስ። 10 ኪሎ ቮልት ለ2 ሚሊሜትር ብናካፍል በአማካይ 5 ኪሎ ቮልት በሚሊሜትር ነው። ይሄ ለፖሊኤትሊን ቀልድ ነው፤ የከፍተኛ ቮልቴጅ ኬብሎች ከ10 በላይ ይዘው ለአሥርት ዓመታት ይሠራሉ። ግን የመርፌው ጫፍ 5 ማይክሮሜትር ያህል ራዲየስ ያለው ሹል ከሆነ፣ ጫፉ ላይ ያለው ፊልድ በሒሳብ 540 ኪሎ ቮልት በሚሊሜትር ግድም ይወጣል። ከአማካዩ ከ100 ጊዜ በላይ። በዚህ ቁጥር ከሄድን ፕላስቲኩ እዚያችው ቅጽበት መበሳት ነበረበት ማለት ነው፤ በላብራቶሪ በጣም ስስና ንጹሕ የሆነ ፊልም እንኳ የሚበሳው በመቶዎች የሚቆጠር ኪሎ ቮልት በሚሊሜትር ላይ ነው።

አይበሳም። ለምን?

ምክንያቱም ጫፉ ኤሌክትሮን ተፍቷል። ፊልዱ ሲከር ኤሌክትሮኖች ከጫፉ ወጥተው ዙሪያውን ያለውን ፕላስቲክ ይሞሉታል። የጫፉ ዓይነት ቻርጅ ስላላቸው ሹሉን ያዶለዱሙታል፤ መርፌው በኤሌክትሪክ ዓይን ሲታይ ድንገት ወፈር ያለ ድቡልቡል ነገር ይሆናል። ፊልዱም ይወርዳል። ስለዚህ መጀመሪያ ላይ ይሄ የቻርጅ መግባት አዳኝ ነው። እኔ ስለዚህ ጉዳይ ሳነብ በጣም የወደድኩት ይሄን ክፍል ነው፤ ጠላት ነው ብለህ የጠበቅከው ነገር መጀመሪያ የሚሠራው ሥራ ማዳን መሆኑን።

ችግሩ ኤሌክትሮኑ መውጣት አለመቻሉ ነው። ፖሊኤትሊን ውስጥ የገባ ኤሌክትሮን ብዙ ሳይርቅ ወጥመድ ውስጥ ይወድቃል። አንዳንዱ ወጥመድ ጥልቀት የለውም፤ ሰንሰለቶቹ ሲጠማዘዙና ሲነባበሩ የሚፈጠር ጎድጓዳ ቦታ ነው፣ ኤሌክትሮኑ ትንሽ ሙቀት ሲያገኝ ይወጣል። ሌላው ጥልቅ ነው። ኦክስጅን ሰንሰለቱ ላይ ከተያያዘበት ቦታ፣ ወይም ፕላስቲኩ ሲመረት ከተጨመረና ከተረፈ ሞለኪውል የሚመጣ ነው። እዚያ የገባ ሰዓታትን፣ ቀናትን ሊቆይ ይችላል። እንዲህ ተጠራቅሞ የሚቀመጠውን በሙያው ስፔስ ቻርጅ ይሉታል።

ስንት ቢሆን ነው የሚያሳስበው? ይሄን ሒሳብ ራሴ ስሠራው ደግሜ ደጋግሜ አረጋገጥኩት፣ ማመን ስላቃተኝ። 1 ሚሊሜትር ውፍረት ባለው ፖሊኤትሊን ውስጥ በአንድ ሜትር ኩብ 1 ኩሎምብ ቻርጅ ብናስቀምጥ፣ ፊልዱ ከአንዱ ዳር እስከ ሌላው ዳር በ49 ኪሎ ቮልት በሚሊሜትር ግድም ይቀየራል። ከኬብሉ ዲዛይን በብዙ እጥፍ ማለት ነው። 1 ኩሎምብ በሜትር ኩብ ደግሞ፣ ከ6 ቢሊዮን በላይ ለሆኑ የሰንሰለቱ ቀለበቶች አንድ ኤሌክትሮን ብቻ ማለት ነው። ስድስት ቢሊዮን ቀለበት መሃል አንድ እንግዳ ሰርጎ ሲገባ ሚዛኑ ሁሉ ይዛባል። ከዚህ በኋላ «ፕላስቲኩ እኮ ንጹሕ ነው» የሚለው ወሬ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ፍረዱ።

ይሄን ያህል ትንሽ ነገር እንዴት ይለካል የሚል ካለ፣ በድምፅ። ናሙናው ላይ በጣም አጭር የኤሌክትሪክ ምት ይላካል። የተቀመጠው ቻርጅ ይነቀነቃል፣ ሲነቀነቅ ትንሽ የድምፅ ሞገድ ያወጣል፣ ሞገዱ እስኪደርስ የፈጀውን ጊዜ ቆጥሮ ቻርጁ የትኛው ጥልቀት ላይ እንደተኛ ማወቅ ይቻላል። ጃፓን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የዳበረ ዘዴ ነው፤ ዛሬ የስፔስ ቻርጅ ሰዎች ያለሱ አይንቀሳቀሱም።

የስፔስ ቻርጅ ጣጣ በደንብ የሚታየው በዲሲ ኬብል፣ ማለትም ኤሌክትሪኩ እንደ ኤሲ በማይመላለስበት ኬብል፣ ነው። ቻርጁ ከገባበት ብረት ጋር አንድ ዓይነት ምልክት እስካለው ድረስ ብረቱ አጠገብ ያለውን ፊልድ ይቀንሳል። ቮልቴጁን ገልብጡት፣ ፖዘቲቩ ኔጌቲቭ ይሁን። ብረቱ ወዲያው ተገለበጠ። የገባው ቻርጅ ግን ወጥመድ ውስጥ ነው፣ አልሰማም። አሁን ተቃራኒ ምልክት ያላቸው ሁለት ነገሮች ፊት ለፊት ተፋጠጡ፤ ትናንት ፊልዱን ያስታግስ የነበረው ቻርጅ ዛሬ ያባብሰዋል። አዳኙ ገዳይ ሆነ ማለት ነው። የመጀመሪያው የንግድ ከፍተኛ ቮልቴጅ ዲሲ መስመር እ.ኤ.አ. በ1954 ስዊድንን ከጎትላንድ ደሴት ጋር ሲያገናኝ ኬብሉ በዘይት የተነከረ ወረቀት ነበር። ፕላስቲክ ለዲሲ ለረጅም ጊዜ አልተደፈረም። የድሮዎቹ የዲሲ ጣቢያዎች የኃይሉን አቅጣጫ ለመቀየር ቮልቴጁን መገልበጥ ስለነበረባቸው አንዱ እንቅፋት ይሄው ነበር። ቮልቴጁን ሳይነኩ ጅረቱን ብቻ የሚገለብጡ አዲስ ዓይነት ኮንቨርተሮች (ኤሲን ወደ ዲሲ፣ ዲሲን ወደ ኤሲ የሚለውጡ መሣሪያዎች) ሲመጡ በሩ ተከፈተ፤ እዚያው ጎትላንድ ላይ እ.ኤ.አ. በ1999 በ80 ኪሎ ቮልት የሚሠራ የፕላስቲክ ዲሲ ኬብል ተዘረጋ።

ኤሲ ላይ ደግሞ መገልበጡ ምርጫ አይደለም። በ50 ሄርትዝ ቮልቴጁ በሰከንድ 100 ጊዜ ምልክቱን ይቀይራል። በቀን 8 ሚሊዮን 640 ሺህ ጊዜ። ብርሃኑም የሚመጣው ከዚህ ነው።

በአንዱ ግማሽ ዙር ጫፉ ኔጌቲቭ ይሆንና ኤሌክትሮን ይተፋል። ኤሌክትሮኖቹ ብዙ ሳይርቁ ይጠመዳሉ። ከ10 ሚሊሰከንድ በኋላ ጫፉ ፖዘቲቭ ይሆናል፤ አሁን ኤሌክትሮን ይስባል፣ በሌላ አነጋገር «ሆል» ያስገባል። ሆል ማለት ኤሌክትሮን የጎደለበት ባዶ ወንበር ነው። ከጎን ያለው ተነስቶ ሲቀመጥበት ባዶነቱ ወደ ጎረቤት ይሄዳል፤ እንዲህ እያለ ወንበሩ ራሱ የሚሄድ ይመስላል። ይሄ ባዶ ወንበር ቅድም የተጠመደውን ኤሌክትሮን ያገኘዋል። ኤሌክትሮኑ ወንበሩ ላይ ዘፍ ይላል። ሲወድቅ ጉልበት ይተርፈዋል፣ ያን ጉልበት አጠገቡ ያለ ሞለኪውል ይቀበልና ይነቃቃል፣ ሲረጋጋ ፎቶን ይለቃል። ኤሌክትሮሉሚኔሰንስ የሚባለው ይሄ ነው፤ በአማርኛ እናውራ ካላችሁ፣ ያለ ሙቀት በኤሌክትሪክ ብቻ የሚመጣ ብርሃን።

ያለ ሙቀት የሚለውን ያዙልኝ። የድሮ አምፖል የሚያበራው ክሩ ስለጋለ ነው። እዚህ የጋለ ነገር የለም። ብርሃኑ የሁለት ተቃራኒ ቻርጆች መገናኘት ነው፣ በቃ።

የሚገርመው ይሄን አካላዊ ሂደት ሁላችንም ኪሳችን ውስጥ ይዘነው መዞራችን ነው። ሄንሪ ራውንድ የተባለ መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1907 በሲሊኮን ካርባይድ ክሪስታል ላይ ቮልቴጅ ሲለቅ ቢጫ ብርሃን አየ፤ የዛሬው ኤል.ኢ.ዲ. የዘር ሐረግ ከዚያ ይመዘዛል። እ.ኤ.አ. በ1990 ደግሞ ካምብሪጅ ውስጥ ብርሃን የሚሰጥ ፖሊመር (እንደ ፖሊኤትሊን ያለ ረጅም ሰንሰለት) ተሠራ፤ የኦሌድ ስክሪን ዘመድ ነው። ስክሪኑ ላይ ያለችው አብሪ ንጣፍ 100 ናኖሜትር ያህል ብትሆንና 5 ቮልት ብታገኝ ፊልዷ 50 ኪሎ ቮልት በሚሊሜትር ነው። የከፍተኛ ቮልቴጅ ኬብል ሽፋን በተለምዶ ከሚሸከመው በእጅጉ ይበልጣል! ልዩነቱ እዚያ ሰው ብርሃኑን ፈልጎት፣ ቻርጁ እንደልቡ እንዲሄድ ቁሱን አመቻችቶለት ነው። እዚህ ግን ማንም አልጠራውም።

የብርሃኑ ቀለም ነገር አለው። ፖሊኤትሊን ራሱ ቢያበራ ኖሮ፣ ከ8 ኤሌክትሮን ቮልት በላይ የሆነ፣ ለዓይን በፍጹም የማይታይ ሩቅ አልትራቫዮሌት በጠበቅን ነበር። የሚለካው ግን በአመዛኙ የሚታይ ብርሃን ነው፣ ከ400 እስከ 700 ናኖሜትር ባለው ሰፈር፤ በጉልበት ስንተምነው ከ3.1 እስከ 1.8 ኤሌክትሮን ቮልት መሆኑ ነው። ስለዚህ የሚያበራው ሰንሰለቱ አይደለም። የሚያበሩት ሰንሰለቱ ላይ የተለጠፉ ኦክስጅን የነካቸው ቦታዎችና ውስጡ የቀሩ እንግዶች ናቸው፤ እርጅናን ለመከላከል የተጨመረ መድኃኒት፣ ሰንሰለቶቹን ለማሳሰር ከገባው ፐርኦክሳይድ የተረፈ አሴቶፌኖን፣ ይሄን የመሰለ። የኤሌክትሮን ወጥመድ የሚሆኑትም ከነዚሁ ውስጥ ናቸው። ስፔክትረሙን፣ ማለትም የብርሃኑን የቀለም ስርጭት፣ የሚያነብ ሰው ፕላስቲኩ ውስጥ ማን እንዳለ በከፊልም ቢሆን ያውቃል፤ ፈረንሳይ ቱሉዝ ውስጥ ሎራንና ቴሴድር ከባልደረቦቻቸው ጋር ለዓመታት የደከሙበት ሥራ ይሄ ነው።

መለካቱ ግን ትዕግስት ያስጨርሳል። ሳጥኑ ፍጹም ጨለማ መሆን አለበት፤ አንድ የተረሳች ጠቋሚ መብራት ሁሉንም ታበላሻለች። ፎቶን ቆጣሪው ራሱ ከሙቀት የተነሳ ባልመጣ ብርሃን ይቆጥራል፣ ስለዚህ ይቀዘቅዛል። ናሙናው ጠዋት የመስኮት ብርሃን አግኝቶ ከነበረ ያንን ይዞ ገብቶ ለተወሰነ ጊዜ ቀስ ብሎ ያበራል፤ ብርሃኑ ከቮልቴጁ የመጣ መስሏችሁ ልትደሰቱ ትችላላችሁ፣ ሳይሆን ቀርቶ ከመስኮቱ ነው። ኦክስጅንም አንዳንዱን ብርሃን ያጠፋዋል፣ በተለይ ዘግየት ብሎ የሚወጣውን። ለዚህ ነው ብዙዎቹ ሙከራዎች አየር በተወገደበት ክፍል ውስጥ የሚሠሩት።

ከሁሉም በላይ የሚያሳስተው ግን ሌላ ብርሃን ነው። ፕላስቲኩ ውስጥ ዓይን የማያያት የአየር ቀዳዳ ካለች፣ እዚያ ውስጥ ያለው አየር ከፕላስቲኩ በፊት እጅ ይሰጣል። ተራ አየር የሚበሳው በሚሊሜትር 3 ኪሎ ቮልት ግድም ነው፤ ቀዳዳዋ በጣም ትንሽ ስትሆን ግን ቁጥሩ ከፍ ይላል። ያኔ ውስጧ ትንንሽ ብልጭታዎች ይፈነዳሉ። ይሄ ፓርሻል ዲስቻርጅ ነው፣ ሌላ በሽታ። ሁለቱን ማምታታት ማለት የጉንፋን ሳልና የሳንባ ምች እንደማምታታት ነው። መለያው ግን አለ። የአየር ብልጭታ የናይትሮጅንን አሻራ ይዞ ይመጣል፣ 337 ናኖሜትር ላይ ቀጥ ያለች መስመር። በኤሌክትሪክ ሲለካም ሹል ሹል ምት ሆኖ ይታያል። የእኛው ብርሃን ግን ሰፊና ለስላሳ ነው፣ ሹል ምት የለውም፤ ከቮልቴጁ ዙር ጋር ከፍ ዝቅ ይላል፣ የቀደመው ዙር ያስቀመጠው ቻርጅ ስለሚያግዘው ደግሞ ቮልቴጁ ጫፍ ሳይደርስ ቀድሞ ከፍ የሚልበት ጊዜ አለ።

እሺ፣ ያበራል። እና ምን ይጠበስ?

እዚህ ላይ ነው ክርክሩ ያለው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የካናዳ ብሔራዊ የምርምር ካውንስል ውስጥ ባምጂ፣ ቡሊንስኪና ዴንስሊ አንድ ነገር አሳዩ። መርፌው ጫፍ ላይ ብርሃኑ የሚጀምረው ምንም ዓይነት ጉዳት ከመታየቱ፣ ምንም ዓይነት ፓርሻል ዲስቻርጅ ከመለካቱ በፊት ነው። ከብርሃኑ ውስጥም ጥቂቱ አልትራቫዮሌት ነበር። ሐሳባቸው እንዲህ ነው፤ ያ አልትራቫዮሌት ፕላስቲኩን ከውስጥ ያቃጥለዋል፣ ፀሐይ ሜዳ ላይ የተጣለን ፕላስቲክ እንደምታደርገው። ጉልበቱን እንመልከት። የካርቦንና የካርቦን ትስስር ለመበጠስ 3.6 ኤሌክትሮን ቮልት ይበቃል፤ የካርቦንና የሃይድሮጅን ደግሞ 4.3 ይፈልጋል። የሚታይ ብርሃን፣ ሐምራዊው እንኳ፣ 3.1 ስለሆነ አይደርስም። 300 ናኖሜትር የሆነ አልትራቫዮሌት ግን 4.1 ይይዛል፤ የመጀመሪያውን ይበጥሳል። ትስስሩ ሲበጠስ የተፈጠረው ስብርባሪ ካገኘው ኦክስጅን ጋር ይጣበቃል፣ ፕላስቲኩ ይሰባበራል፣ በጣም ጥቃቅን ቀዳዳዎች ይከፈታሉ።

ሌላው ወገን ደግሞ ብርሃኑን ተዉት፣ ጥፋተኛው ኤሌክትሮኑ ራሱ ነው ይላል። ፊልዱ ሲያጣድፈው በቂ ጉልበት አግኝቶ ትስስሩን በቀጥታ ይመታዋል። የዚህ ሐሳብ ፈተናው ርቀት ነው። በ100 ኪሎ ቮልት በሚሊሜትር አንድ ኤሌክትሮን 3.6 ኤሌክትሮን ቮልት ለማግኘት ምንም ሳይጋጭ 36 ናኖሜትር መሮጥ አለበት፤ ጠጣር ፕላስቲክ ውስጥ ይሄ ረጅም መንገድ ነው፣ ገና ሳይሮጥ ይጋጫል። የመርፌው ጫፍ ላይ፣ በ500 ኪሎ ቮልት በሚሊሜትር፣ ግን 7 ናኖሜትር ይበቃዋል። ሰንሰለቶቹ መሃል ትንሽ ክፍት ቦታ ካገኘ ደግሞ የበለጠ ይቀለዋል።

እኔ ከተጠየቅኩ፣ ሹል ጫፍ ላይ ሁለቱም አብረው ይሠራሉ ነው የምለው። ፊልዱ ዝቅ ባለበት ተራ ሽፋን ላይ ግን ብርሃኑን እንደ ገዳይ አላየውም። እዚያ ብርሃኑ ምስክር ነው፤ «ቻርጅ ገብቷል፣ ተቃራኒውንም አግኝቷል» የሚል። ጉዳት ካለ ያደረሰው ያ ቻርጅ በየዙሩ መግባትና መውጣቱ፣ በየመገናኘቱም የሚለቀው ጉልበት ነው፤ ከዚያ ጉልበት በብርሃን የሚወጣው ጥቂቱ ብቻ ነው፣ የቀረው እዚያው ሞለኪውሎቹ ላይ ያርፋል።

ቀዳዳዎቹ አንዴ ከተከፈቱ በኋላ ያለው ታሪክ ከድጡ ወደ ማጡ ነው። ጋዝ ይገባባቸዋል፣ ቅድም ያልነው ፓርሻል ዲስቻርጅ ይጀምራል፣ ብልጭታው ግድግዳውን እየበላ ይረዝማል፣ ይቀናጠባል። ጥርት ያለ ፕላስቲክ ውስጥ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ቁጥቋጦ ይመስላል፤ ስሙም ዛፍ ነው፣ የኤሌክትሪክ ዛፍ። ቅርንጫፉ ማዶ ያለውን ብረት ከነካ ሽፋኑ ተበሳ ማለት ነው። በብርሃንና በዛፉ መጀመሪያ መሃል ያለው ጊዜ፣ ፊልዱ መካከለኛ ሲሆን፣ በጣም ረጅም ሊሆን ይችላል። ዛፉ ከበቀለ በኋላ ያለው ግን ብዙውን ጊዜ አጭር ነው። ለዚህ ነው ሰዎች ይሄን ያህል ጨለማ ሳጥን ውስጥ ተቀምጠው ፎቶን የሚቆጥሩት፤ ሳይቃጠል በቅጠል ለማለት የሚቻለው እዚያ ደረጃ ላይ ብቻ ስለሆነ።

እና አምራቾቹ ምን ያደርጋሉ? የመጀመሪያው ሥራ ሹል ነገርን ማጥፋት ነው። የኬብሉ መዳብ ወይም አሉሚኒየም ፕላስቲኩን በቀጥታ አይነካውም። መሃላቸው የካርቦን ዱቄት የተቀላቀለበት፣ ኤሌክትሪክ በመጠኑ የሚያሳልፍ ለስላሳ ንጣፍ አለ። ውስጠኛው ንጣፍ፣ ሽፋኑና ውጨኛው ንጣፍ ሦስቱም በአንድ ጊዜ፣ በአንድ ማሽን አፍ ይፈስሳሉ፤ መሃላቸው አየርም አቧራም እንዳይገባ። ከዚያ ኬብሉ ሙቀት ባለበት ክፍል ለቀናት፣ ወፍራም ከሆነ ለሳምንታት ይቀመጣል፤ የተረፉት ጋዞችና ተረፈ ምርቶች ተንነው እንዲወጡ። አንዳንዶች ደግሞ የሚሮጥን ኤሌክትሮን ጉልበት የሚያበርድ ሞለኪውል ይጨምራሉ። እዚህ ላይ አስቂኙ ነገር፣ ቅድም እንግዳ ብለን የወቀስነው አሴቶፌኖን ራሱ ከነዚህ አንዱ መሆኑ ነው፤ ወጥመድም ይሆናል፣ ጠባቂም ይሆናል። እንደ ማግኒዥየም ኦክሳይድ ያሉ የናኖ ቅንጣቶችን ቀላቅሎ ቻርጅ እንዳይጠራቀም ማድረግም ሌላው መንገድ ነው፤ በደንብ ካልተበተኑ ግን ራሳቸው ጉብታ ሆነው ያርፋሉ።

አንድ ነገር ሳልነግራችሁ ልሄድ ነበር። ያቺ መርፌ ላይ ኤሲውን ትታችሁ አንድ አጭር የቮልቴጅ ምት ብትልኩ፣ ፕላስቲኩ ምቱ ሲነሳ ያበራል። ይሄ ይጠበቃል። ግን ምቱ ሲወርድም ያበራል፣ ከውጭ የሚገፋው ቮልቴጅ እየጠፋ እያለ። የገባው ቻርጅ እዚያው ስላለ አሁን የራሱን ፊልድ ወደ ኋላ ይፈጥራል፣ ሌላውን ቻርጅ ራሱ ይጠራል፣ ይገናኛሉ፣ ይበራል። በዲሲ የተፈተነ ኬብል ላይ የሚሠሩ ሰዎች ማሽኑን ካጠፉ በኋላ መሬት ጋር አገናኝተው፣ ለደቂቃ ብቻ ሳይሆን ለረጅም ጊዜ እንደታሰረ የሚተዉትም ከዚሁ ጋር ስለሚያያዝ ነው። ሽቦውን ቶሎ ፈትተው በቮልት ሜትር ቢለኩት፣ ባዶ የነበረው ኬብል ማንም ሳይነካው ቀስ እያለ ቮልቴጅ ሲያበቅል ያዩታል።